ሸክላ ያልደረሰላቸው የሙዚቃ ጓዶች፤ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ስላለው የዘፈን ትዝታ

የአገራችን የሙዚቃ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ገጽ የሚይዙት የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የአዝማሪ ግጥምና የባላገር ዘፈን ናቸው። እነዚህ ጥንታውያን ስለ ሆኑ ቀዳሚነቱ ይገባቸዋል። ነገር ግን በጊታር፣ በሳክስፎን፣ በኤሌክትሪክ ኦርጋንና በፈረንጅ ከበሮ ይጫወቱ የነበሩት የሙዚቃ ጓዶችም ዛሬ ከታሪክ የሚቈጠሩ ሆነዋል። በ1965 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። በዚያ ዕድሜው በሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣቸው የነበሩትን ጓዶች ስም ቢጠራ ልጆቹ ከጥቂቶቹ በቀር አያውቋቸውም። በትውልድ ከተማው መድረክ ላይ ሲጫወቱ ያያቸውን ቢጠራ ግን ከዕድሜ እኩዮቹ በቀር የሚያውቅለት አያገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሶር ወንዝ ዳር በተቈረቈረችው በመቱ፣ እንዲሁም በጎሬ፣ በበደሌና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ያደገው የዚያ ዘመን ወጣት ዘመናዊው ሙዚቃ በምን መንገድ እንደ ደረሰው፣ ከሰማቸውም ጓዶች አንዳንዶቹ ስማቸው ተመልሶ ሲነሣ ሌሎቹ ተረስተው የቀሩበትን ምክንያት መመርመር ነው።

ስለ ትዝታ

«ትዝታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ያለፈውን ማሰብና መናፈቅ ነው። ሁለተኛው ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው የዜማ ስልት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ናፍቆትና ዜማ ከጥንት ጀምሮ አንድ ስም ተጋርተው ኖረዋል። አንድ ሰው የወጣትነቱን ዘፈን ሲሰማ የሚናፍቀው ዘፈኑን ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ የነበረውን ራሱን፣ አብረውት የነበሩትን ባልንጀሮቹንና የቆመበትን ደጅ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ትዝታ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዲተላለፍ መያዣ ያስፈልገዋል። ዘፈኑ በሸክላ ወይም በካሴት ከተቀረጸ፣ ባለትዝታው ሰው ልጁን ጠርቶ «እነሆ፣ ይህን ስማ» ሊለው ይችላል። ካልተቀረጸ ግን ትረካ ብቻ ይቀራል። ትረካውም ተራኪው ሲሞት ያልቃል። የመርሳትና የማስታወስ ነገር በመዝፈን ችሎታ ብቻ እንዳልተወሰነ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ያስረዳል።

የዘመናዊው ሙዚቃ ጓድ አመጣጥ

በቀድሞው ሥርዓት የመንግሥት ሙዚቃ ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ነበር። የናስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አጀማመሩ ከመስኮብ መንግሥት ጋር ከነበረው ወዳጅነት ጋር የተያያዘ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማውን የደረሰ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከጊዜ በኋላ በሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል።

ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴም በፖሊስ ሠራዊት ከእነዚህ ጓዶች ጋር የዘፈኑ ናቸው። ሙዚቀኛው ደመወዙን የሚያገኘው ከመንግሥት ነበር፤ መሣሪያውም የመንግሥት ንብረት ነበር። ወታደር እንደ መሆኑም በአለቃው ትእዛዝ ይሄድና ይመጣ ነበር።

ዘፈንን በሸክላ የመቅረጽ ታሪክ ግን ከእነዚህ ጓዶች ሁሉ ይቀድማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚያ ዘመን ከእርሳቸው ሌላ ስመ ጥር አዝማሪዎች በየመኳንንቱ አዳራሽ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ዛሬ ድምፁ የሚሰማው ግን ሸክላ የደረሰለት ሰው ነው። ከዚህ ወዲህ የመጣው ታሪክ ይህንኑ ነገር በሰፊው የደገመ ነው።

ሙዚቃው ወደ ኢሉባቦር እንደምን እንደ ደረሰ

የኢሉባቦር ዋና ከተማ በራስ ተሰማ ናደው ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ጎሬ ነበረች። በባሮ ወንዝ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው የቡናና የሰም ንግድ በጎሬ ያልፍ ስለ ነበር፣ የግሪክ፣ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች ተቀምጠውባት ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜም የአርበኛው መንግሥት የተጠጋው ወደ ጎሬ ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ ከዓለም የተለየች አልነበረችም። የውጭ አገር ዕቃም የውጭ አገር ወሬም ከአንዳንድ ሰፋፊ ከተሞች ቀድሞ ይደርሳት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የጋምቤላ ወደብ ቀድሞ የነበረውን ሥራ ስላጣ፣ የአገሩ ፊት በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የአስተዳደሩም መቀመጫ በ1970 ዓ.ም. ግድም ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ።

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጎሬ አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ዝናም የሚዘንብበት ስለ ሆነ፣ ክረምት በገባ ቍጥር የድሮው መንገድ በጭቃ ይያዝ ነበር። መኪና በማይደርስበት ወራት የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ በየቡና ቤቱና በየሱቁ ከተዳረሰ በኋላ የአዲስ አበባው ዘፈን ዝናም ሳያግደው የሚገባ እንግዳ ሆነ። ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ሌላ በ1955 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ይሰማ ነበር። ከጊዜ በኋላም መቱ ራሷ የሬዲዮ ማሰራጫ የተተከለባት ከተማ ሆናለች።

ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ከ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ያስተምሩ ጀመር። ከእነዚህ ወጣት መምህራን ብዙዎቹ ከመጽሐፋቸው ጋር ጊታርና የዘመኑን ሸክላ ይዘው ይመጡ ነበርና፣ ተማሪው የሮክ ኤንድ ሮልንና የሶልን ዘፈን ከእነርሱ ዘንድ ሰማ። በሰሜን ደግሞ በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ይህንኑ ዘፈን ያሰማ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ በአዲስ አበባ መድረክ የኤልቪስ ፕሬስሊንና የጄምስ ብራውንን አኳኋን አስመስሎ ሲጫወት የክፍለ ሀገሩ ተማሪ ጠጕሩን በዚያው ዐይነት ማሳደግ ጀመረ።

ሦስተኛው መንገድ ቡና ነው። በኢሉባቦር ቡና የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ በሕዝቡ እጅ ይገባል፤ ሰርጉም የሚበዛው ከዚያ ቀጥሎ ባለው በበጋው ወራት ነው። ሬዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻና በኋላም ቴፕ ሪኮርደር የሚገዛው በዚሁ ወቅት ነበር። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው የወጣትነት ዘፈኑን ሲያስታውስ ብዙ ጊዜ ከቡና መልቀሚያ ወራትና ከሰርግ ዳስ ጋር አያይዞ ነው።

በእነዚህ ሦስት መንገዶች የመጣው ሙዚቃ ባዶ ቤት አልገባም። የአካባቢው ሕዝብ በኦሮምኛ የሚዘፍነው የሰርግ ዘፈን፣ የጀግና ሰው ጌራርሳና የሥራ ዘፈን ነበረው። አዲሱ የጊታር ዘፈን ከዚህ ነባር ሀብት አጠገብ ተቀመጠ እንጂ አላጠፋውም። ወጣቱ ቀን በሬዲዮ የሰማውን ያንጐራጕራል፤ ማታ በሰርግ ቤት ደግሞ የአባቱን ዘፈን እየተቀበለ ይጨፍራል።

የአዲስ አበባ ጓዶችና ሸክላቸው

በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት የሸክላ ነጋዴ ይህን ገደብ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ በሕንድ አገር አሳተመ። ሸክላው በቶሎ ተሸጠ፤ አምሃም አልታሰረም። ከዚያ በኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳትሟል። ዓሊ አብደላ ካይፋም ብዙ ሳይቈይ ተከተለው። ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጠቅላላው 500 ያህል ትናንሽና 30 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች እንደ ታተሙ ይገመታል።

ከመንግሥት ተቋም ውጪ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ጓዶች የተነሡት በዚሁ ወራት ነው። ሶል ኤኮስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከድምፃውያኑ አንዱ ተሾመ ምትኩ ጥቂት ዘፈኖች አስቀርጾ በ1962 ዓ.ም. ግድም ከአገር ወጣና ለብዙ ዘመን በስዊድን ኖረ። ከዚያ በኋላ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ቬነስና ሌሎችም በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ ተጫወቱ። ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጐበኘ ጊዜ ከተማይቱ በሙዚቃ የበለጸገችበት ሰዓት ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ። የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ ማታ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ መውጣት አይችልም ነበርና፣ ጓዶቹ በተዘጋ በር ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ ይጫወቱ ጀመር። ሸክላ ማሳተም እየቀነሰ ሄደ፤ ካሴት ቦታውን ያዘ። አይቤክስ ሮሃ ተብሎ ቀጠለ። የጓዱ የጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም ከጊዜ በኋላ ታሪክ ተምሮ ስለ ዘመናዊው ሙዚቃ አመጣጥ ጥናት ጽፏል። ሙዚቀኛው ራሱ የታሪክ ጸሐፊ የሆነበት ይህ ምሳሌ በአገራችን ጥቂት ነው።

የኪነት ቡድኖች ዘመን

እስከዚህ የተነገረው የአዲስ አበባ ነው፤ የመቱ ወጣት ይህን በሩቁ ሰማ እንጂ አላየውም። ሙዚቃው ወደ ራሱ መድረክ የመጣለት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ዘማቹ ያስተማረው በንግግር ብቻ አልነበረም፤ በመዝሙርና በአጭር ቴአትርም ጭምር ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው፣ በየወጣት ማኅበሩ፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ «ኪነት» የሚባሉ ቡድኖች ተቋቋሙ። የወሎ ላሊበላ፣ የጐንደር ፋሲለደስ፣ የጐጃም ግሽ ዓባይ ስማቸው በመላው አገር የተሰማ ነው። ኢሉባቦርም እንደ ሌሎቹ ክፍላተ ሀገር የራሱ ኪነት ነበረው።

የኪነት ቡድን ከአዲስ አበባው ጓድ ይለይ ነበር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከጊታርና ከኦርጋን ጋር በአንድ መድረክ ይቀመጡ ነበር። ተጫዋቹ መምህር፣ ተማሪ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ሥራ ፈላጊ ወጣት ነበር። መድረኩም የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የበዓል አደባባይ ነበር። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ውጪ የነበሩት የክፍለ ሀገር ከተሞች መብራት ያገኙ የነበረው በናፍጣ ሞተር ስለ ሆነ፣ የጊታሩ ድምፅ የሚዘልቀው ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ብቻ ነው። ከመቱ አጠገብ የሚያልፈው የሶር ወንዝ ራሱ 5 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ የተሠራለት በ1982 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ያን ጊዜ የኪነቱ ዘመን ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት በሬዲዮና በትላልቅ መድረኮች የሚሰማው ዘመናዊ ዘፈን አብዛኛው በአማርኛ ነበር። በድሬዳዋ በ1950ዎቹ የተነሣው አፈረን ቀሎ የተባለው ጓድ በኦሮምኛ ዘመናዊ ዘፈን በማሰማት ቀዳሚ ሲሆን፣ ዓሊ ቢራ የወጣው ከእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ከኢሉባቦር ሩቅ ናት። በሶር ዳር ላደገው ልጅ እናቱ የምትዘፍነውን ዘፈን በጊታርና በድምፅ ማጉያ ታጅቦ በገዛ ከተማው አደባባይ ለመስማት ዕድል የሰጠው የኪነት መድረክ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ጭምር፣ መሰጠቱ ይህንኑ አበረታ። ለዚህ ሰው የኪነት ቡድኑ ትዝታ የጨዋታ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው በአደባባይ የተከበረበት ቀን ትዝታ ነው።

አንዱ ሲታወስ ሌላው የተረሳበት ምክንያት

እዚህ ላይ ሁለት ዘመናትን ጐን ለጐን ማስተያየት ይገባል። ሸክላ በብዛት የታተመው ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. ነው። የክፍለ ሀገር ኪነቶች የተስፋፉት ደግሞ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የክፍለ ሀገሩ ጓድ መድረክ ላይ በወጣበት ሰዓት የሸክላው ንግድ እያለቀ ነበር። ካሴት ቢተካውም የካሴት ነጋዴው ሱቅ በአዲስ አበባ ነበር፤ የሚያስቀርጸውም ይሸጥልኛል ብሎ የሚያምነውን ስመ ጥር ድምፃዊ ነበር። የሩቅ አውራጃ ኪነት በካሴት ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የዚህ ውጤት ከብዙ ዓመት በኋላ ተገለጠ። በ1967 ዓ.ም. ግድም ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅየም አገር እንደገና ታተመ። በ1990 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮ ሸክላዎችን በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። የዋልያስ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጕዞ ከአባሎቹ ከፊሎቹ እዚያው ቀርተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት በ2005 ዓ.ም. እንደገና በታተመ ጊዜ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ለእነዚህ ሁሉ መዳን ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሊገኝና ሊገለበጥ የሚችል ሸክላ ወይም ካሴት ነበራቸው።

የክፍለ ሀገር ጓድ መረሳት የማይቀር ዕጣ አለመሆኑን የሌላ አገር ምሳሌ ያረጋግጣል። በምዕራብ አፍሪካ የጊኒ መንግሥት ከነጻነት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የሙዚቃ ጓድ አቋቁሞ ነበር። ቤምቤያ ጃዝ የተባለው ስመ ጥር ጓድ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ከዋናው ከተማ እጅግ ርቃ በምትገኘው በቤይላ ነው። የጊኒ መንግሥት ግን ጓዶቹን በማቋቋም አልተወሰነም፤ ሲሊፎን የተባለ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ ዘፈናቸውን አሳተመ። የአገሩም ሬዲዮ ቀርጾ ያስቀመጠው ከ9,000 በላይ ዘፈን በዘመናችን ወደ አዲስ መሣሪያ ተገልብጦ ተጠብቋል። ስለዚህ ከሩቅ አውራጃ የተነሣ የጊኒ ጓድ ድምፅ ዛሬ ይሰማል። በእኛ አገር መንግሥት ቡድኖቹን አቋቋመ፣ አለበሰ፣ አዘፈነ፤ የሚያሳትምላቸው ግን አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የዞረው ታላቅ የኪነት ጓድ ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡትን ከያንያን ሰብስቦ ነበር። የተመረጡት በዚያ ታወቁ፤ በየከተማው የቀሩት ግን ከመድረክ በወረዱበት ቀን ድምፃቸውም አብሮ ወረደ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና የክፍላተ ሀገሩ አከላለል ሲቀየር ከቡድኖቹ ብዙዎቹ ፈረሱ።

ትዝታው ስለሚሸፍነው ነገር

ትዝታ ያለፈውን ጊዜ ከነበረው ይልቅ አሳምሮ የማቅረብ ልማድ አለው። የኪነት ቡድኖች የተስፋፉበት ወራት ቀይ ሽብር የወረደበትም ወራት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በብዙ ከተሞች ከአንድ ወንበር የተማሩ ወጣቶች አንዱ በመድረክ ሲዘፍን ሌላው በእስር ቤት ነበር፤ አንዳንዱም አልተመለሰም። ወጣቱ ወደ ኪነት የገባው ሙዚቃ ወድዶ ሊሆን ይችላል፤ ከጥርጣሬ ለመራቅም ሊሆን ይችላል። የሚዘፍነውም ግጥም የተላከለት ነበር። የሕዝቡ የሰርግ ዜማ ቃሉ ተለውጦ የመፈክር መሸከሚያ ይሆን ነበር።

ከዚህ የተነሣ የዚያ ዘመን ሰው ትዝታ ሁለት መልክ አለው። ዜማውን ይወዳል፤ ቃሉን መድገም ያፍራል። የጊታሩን ድምፅ ይናፍቃል፤ የዓመቱን ቍጥር ሲሰማ ዝም ይላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ዝምታ እንደ መርሳት ይቈጥሩታል። ነገር ግን ያልረሳ ሰው ነው ዝም የሚለው። ስለ ኪነት ዘመን የሚጻፍ ታሪክ ሁለቱን በአንድነት ካልያዘ፣ ወይ የመንግሥት ውዳሴ ወይ የመንግሥት ክስ ሆኖ ይቀራል፤ ሙዚቀኛው ራሱ ግን ከመካከል ይጠፋል።

ሊሰበሰብ የሚገባው

እንግዲህ ሸክላ ያልደረሰለትን የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ከሰው አፍ፣ ከፎቶግራፍና ከመዝገብ መሰብሰብ ያስፈልጋል። መቱ በ2003 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አላት። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአካባቢው መምህራን ሩቅ ሳይሄዱ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሰብሳቢው ከዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ቢጠይቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ መሣሪያውን በሚመለከት፤ የመጀመሪያው ጊታር ወደ ከተማው በማን እጅ መጣ? ክሩ ሲበጠስ በምን ይተካ ነበር? ድምፅ ማጉያው የማን ነበር? በስንት ሰዓት መብራት ይጠፋ ነበር? ሁለተኛ፣ ትምህርቱን በሚመለከት፤ ተጫዋቹ ከማን ተማረ? ከሬዲዮ እየሰማ ነው ወይስ ከመምህር? ሦስተኛ፣ ዜማውን በሚመለከት፤ እያንዳንዱ የመድረክ ዘፈን ከየትኛው የሕዝብ ዘፈን ተወሰደ? የቀድሞው ቃል ምን ነበር? የተተካውስ? በኦሮምኛና በአማርኛ የተዘፈነው ተለይቶ ይጻፍ። አራተኛ፣ ሰውን በሚመለከት፤ በቡድኑ ውስጥ ሴቶች ስንት ነበሩ? ቤተ ሰቦቻቸው ወደ መድረክ መውጣታቸውን እንዴት ተቀበሉት? ቡድኑ ሲፈርስ እያንዳንዱ ወዴት ሄደ? አምስተኛ፣ ቅርሱን በሚመለከት፤ በቤት የተቀመጠ ካሴት፣ የመድረክ ልብስ፣ ፎቶግራፍ ወይም የዘፈን ደብተር አለ ወይ? ካሴቱ ካለ ሳይዘገይ ይገልበጥ፤ የካሴት ክር በእርጥበት አገር ቶሎ ይበላሻልና። ከዚህ ሌላ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የድምፅ ቤተ መዛግብት ከየክፍለ ሀገሩ ኪነት የተቀረጸውን መፈለግ የሰብሳቢው የመጀመሪያ ተግባር ሊሆን ይገባል።

የሚሰበሰበው ሁሉ ታላቅ ጥበብ ሆኖ ይገኛል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጓድ በደንብ አይጫወት ይሆናል። አንዳንዱም የአዲስ አበባውን ዘፈን ከመኮረጅ አላለፈ ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ወጣቶች ምን ሰምተው፣ ምን ኮርጀው፣ ምን ከራሳቸው ጨምረው እንደ ተጫወቱ ማወቅ የሕዝብን ኑሮ ማወቅ ነው። የእርሻ መሣሪያንና የሰርግን ሥርዓት የሚመዘግብ ጥናት የቀበሌ አዳራሽን ጊታር የሚተውበት ምክንያት የለም።

በ2013 ዓ.ም. አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ዐረፉ። በ2015 ዓ.ም. ዓሊ ቢራ ዐረፈ። የእነዚህ ሥራ በሸክላ ስላለ የሚፈልግ ሁሉ ያገኘዋል። በዚያው ዘመን በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ከበሮ ይመታ የነበረው ሰው ግን ሸክላ የለውም፤ የሚያውቀውን ሁሉ የያዘው በራሱ ብቻ ነው። ዕድሜውም ሰባ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው።